ፍግ የበላው ዝግባ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጋሪ የበሰበሰ ፍግ አስመጣሁ። ችግኝ የማፈላበት ቦታ ከወልቂጤ ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ በቀርከሃ የታጠረ፣ ግማሹ በሸራ የተጋረደ ጠባብ ግቢ። ባለጋሪው ጆንያዎቹን አራግፎ እንደሄደ ዝናብ ጣለና ፍጉ መሽተት ጀመረ። ትኩስ እበት ይኮመጥጣል፤ ዓመት የተኛ ፍግ ግን ዝናብ ሲነካው የሚሸተው የጫካ አፈር ነው፣ ትንሽ የእንጉዳይ፣ ትንሽ የእርጥብ ገለባ ሽታ አለበት። የተዳቀለ አቮካዶ ልትገዛ የመጣች ሴት አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ፣ "ይሄን ነው ሥሩ የማደርገው?" አለችኝ። "አዎ፣ ግን ግንዱን እንዳይነካው። ክንድ ያህል አርቀሽ ዙሪያውን በትኚው" አልኳት። "ቢነካውስ? ምግቡ አይደል እንዴ?" አለች። ለዚህ ጥያቄ ለደንበኛ ሁሉ የምሰጠው አጭር መልስ አለኝ፤ ሰጠኋት። ረጅሙ መልስ ግን የገበያ ቀን የሚነገር አይደለም። እሷ ችግኟን በፌስታል አንጠልጥላ ባጃጅ ስትሳፈር፣ እኔ አካፋዬን ተደግፌ የሰፈራችን ዝግባ የታመመበትን ዘመን ሳስብ ቆየሁ።

ሰፈራችን ከእምድብር በእግር ይደረሳል። የቸሃን አገር ያየ ሰው ጀፎሮን ያውቃል፤ ላላየው፣ ጀፎሮ በቤቶች መካከል የሚዘልቅ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው። መንገድም ነው፣ ግጦሽም ነው፣ ለቅሶና ሠርግም የሚውለው እዚያው ነው። ማንም አያርሰውም፣ ማንም አያጥረውም። ሳር ቤቶቹ በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው ይቆማሉ። ከየቤቱ ጀርባ እንሰት አለ፤ ከእንሰቱ ኋላ ቡናና ጫት፣ ከዚያ ወዲያ ባሕር ዛፍ። እንሰቱ ለቤቱ የሚቀርበው ያለ ምክንያት አይደለም። ጠዋት ላሞቹ ከቤት ሲወጡ ሴቶች የላሞቹን እበት ጠርገው በቅርጫት ወደ ጓሮ ይወስዱታል፤ የዛሬው ከዚህኛው እንሰት ሥር፣ የነገው ከዚያኛው። ስለዚህ ለጓሮ በሩ የቀረበው ረድፍ ሁልጊዜ ከሩቁ ይበልጣል፤ ቅጠሉ ይጠቁራል፣ አንገቱ ይወፍራል። ፍጉ እስከ እንሰቱ ወገብ ቢከመር እንሰቱ አይከፋውም። መንገደኛ የቤቱን እመቤት ሳያያት ጓሮዋን አይቶ ያውቃታል። እኔ ያደግሁት በዚህ ዕውቀት ነው፤ የበቀለ ነገር ሁሉ ሲከሳ ፍግ ይፈልጋል፣ ሲታመም ደግሞ ብዙ ፍግ ይፈልጋል።

የጀፎሮው ዝግባ የቆመው ከእትዬ ዘነበች ቤት ፊት ለፊት፣ ትንሽ ወደ ግራ ነው። እትዬ ዘነበች ጎረቤታችን ናቸው፤ ባለቤታቸው ከሞተ በኋላ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ዛፉን ማን እንደተከለው የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ግንዱን ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አያቅፈውም። ቅርፊቱ በዘመን ብዛት እንደ ቅርፊተ ዓሣ ይላጣል፣ ከሥሩ ቀላ ያለ አዲስ ቅርፊት ይታያል። ፍሬ ሲያፈራ ርግቦች ይሰፍሩበታል፤ ሥሩ የተቀመጡ ሽማግሌዎች ራሳቸው ላይ የሚወድቀውን እየጠረጉ ይሸመግላሉ። በሰፈሩ አንድ ሕግ ነበር፦ ያንን ዝግባ ብረት አይነካውም። ገጀራም፣ መጥረቢያም፣ መጋዝም። ቅጠሉን ለመድኃኒት እንኳ የሚፈልግ የወደቀውን ይለቅማል። ይቆረጥ ከተባለ ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ ከነሥሩ ይገነደሳል እንጂ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ አይነካም። ልጅ ሳለሁ ይህ ሕግ የፍርሃት ይመስለኝ ነበር። ቆይቶ ነው ምክንያቱ የገባኝ፤ እሱንም ስደርስበት እናገራለሁ።

በዚያ ዘመን እኔ ቡታጅራ ነበርኩ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ፣ ሐጂ ሸምሱ የሚባሉ ሰው የፍራፍሬ ችግኝ የሚያፈሉበት ግቢ ተቀጥሬ እሠራለሁ። የዚያን ጊዜዋ ቡታጅራ ከዛሬዋ ጋር ብዙም አትመሳሰልም። ባጃጅ ገና እየገባ ነበር፤ መንገዱን የያዘው የፈረስ ጋሪ ነው። በርበሬ በሚደርስበት ወራት ገበያው ዳር ያለፈ ሁሉ ያስነጥሳል፤ ሰዎች ሲጨባበጡ ሰላምታቸውን አቋርጠው ያስነጥሱና ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ጎረምሳው ሁሉ ከታች የሰፋ ጂንስ ይለብሳል፣ ጫፉ መሬት እየጠረገ ተተልትሎ ያልቃል። እኔም አንድ ነበረኝ። ሚኒባሶች ካሴታቸውን በፍላሽ መቀየር ጀምረው ነበር፤ የጉራጊኛ ዘፈን ሲከፈት ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ የመኪናውን ጣሪያ እንደ ከበሮ ይደልቃል። ሻይ አንድ ብር ነበር፣ ለዚያውም ስኳሩን ራስህ እየጨመርክ። ማታ ማታ ሐጂ ያጠራቀሟቸውን የእርሻ በራሪ ወረቀቶች አነባለሁ፤ ያልገባኝን ቃል በማግስቱ እጠይቃቸዋለሁ። ቢላዋቸውን አቮካዶ ላይ ከማሳረፋቸው በፊት "ቢስሚላህ" ይላሉ፤ ቆርጠው፣ አጋብተው፣ በፕላስቲክ ጠቅልለው እስኪጨርሱ ድረስ ግን አይናገሩም። ከሁሉ በላይ የሚቆጡት ችግኝ በጥልቀት ስንተክል ነበር። "አንገቱን ቀበርከው!" ይሉኛል። "ግንዱ ከሥሩ የሚገናኝበት ቦታ አንገቱ ነው። አንተስ አፈር እስከ አገጭህ ቢሞላ ትተነፍሳለህ?" እኔ አንድ ቀን፣ "እንሰትኮ ይተነፍሳል፣ ሐጂ" አልኳቸው። ሳቁ። "እንሰት ዛፍ ነው ያለህ ማነው?" አሉ። ያኔ እንደ ቀልድ ነው የወሰድኩት።

ለመስቀል ወደ ሰፈሬ የገባሁት በዋዜማው ሳምንት ነው። በመስቀል ጉራጌ አገሩ ይገባል፤ ከአዲስ አበባ፣ ከጅማ፣ ከየነገደበት ተመልሶ ጀፎሮው በሰው ይሞላል። አደይ አበባው በየአጥሩ ሥር ፈንድቷል፣ ለበዓሉ ከወራት በፊት የተፈለጠው እንጨት በየደጁ ተከምሯል። እኔ ግን ከሩቅ ያየሁት የዝግባውን ጫፍ ነው። ሰማይ ይታይበት ነበር። ያ ዛፍ ሰማይ የሚያሳይ አልነበረም። ስቀርብ ቅጠሉ ወደ ብጫነት አድልቷል፤ በእትዬ ዘነበች ጣሪያ ላይ የተዘረጋው ትልቁ ቅርንጫፍ ደግሞ አንድ ቅጠል ሳይቀርለት ደርቋል። ግንዱ ዙሪያ፣ ደረቴ ድረስ የሚደርስ ጥቁር ክምር አለ። ክምሩ ላይ ሣር በቅሎበታል።

"ይሄ ምንድነው?" አልኳት እናቴን።

"ታሞብን። እየቀለብነው ነው" አለች፣ ኩራት ባለው ድምፅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያለፈው የበልግ ዝናብ ቀርቶ ነበርና ዝግባው ቅጠሉን አራገፈ። ከዚያ ትልቁ ቅርንጫፍ ደረቀ። የእትዬ ዘነበች ልጅ ፍቃዱ፣ መርካቶ የሚነግደው፣ ዛፉ እናቱ ላይ ሳይወድቅ ይቆረጥ ብሎ ለሽማግሌዎች ላከ። ሽማግሌዎቹም ሰው ሁሉ ለመስቀል ሲገባ እንወስናለን አሉ። እትዬ ዘነበች ይህን ሲሰሙ፣ "ርቦት ነው እንጂ ምን ሆነና!" ብለው የመጀመሪያዋን ቅርጫት ፍግ አፈሰሱበት። ሰፈሩም ተከተለ። እያንዳንዱ ቤት በሳምንት አንድ ቅርጫት ያመጣል፤ እሳቸው ግን በየጠዋቱ፣ ለእንሰታቸው የሚገባውን ሁሉ። ቢጫው በበዛ ቁጥር ፍጉ ተጨመረ። የአገሬ ሰው ለዛፍ ሊያደርግ የሚችለውን ትልቁን ደግነት ነው ያደረገለት።

በማግስቱ ማለዳ፣ ሰው ሳይበዛ፣ ክምሩን በእጄ ቆፈርኩት። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ የጠጣ ፍግ ውስጡ ይሞቃል። ግንዱ ጋ ስደርስ ቅርፊቱ በጣቴ ተላጦ መጣ፤ ከሥሩ ያለው እንጨት ረጥቧል፣ እንደ ተበላሸ ሊጥ ይሸታል። ነጭ የሻጋታ ክር ተጋድሞበታል። ከወደ ምሥራቅ በኩልም ቆፈርኩ፤ እዚያ ቅርፊቱ ጠንካራ ነበር፣ ገና አልተበላም። መጀመሪያ የሄድኩት የአባቴ ወንድም ጋሽ ሳህሌ ዘንድ ነው፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ስለነበሩ። ያየሁትን ነገርኳቸው። ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ፣ ጎንበስ ብለው ጉድጓዱን አዩ፣ አሸተቱ።

"ስለዚህ ፍጉ ይነሳ ነው የምትለው።"

"አዎ ጋሼ፣ ዛሬ ነገ ሳይባል።"

"ጥሩ። ለዘነበች ንገራት።"

"እኔ? እርስዎ ቢነግሯቸው አይሻልም?"

"እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ሰው አስታርቃለሁ እንጂ ከሰው አልጣላም" አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እትዬ ዘነበች ከጓሮ ቅርጫታቸውን ተሸክመው ሲወጡ አገኘኋቸው። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሲያወሩም የሚሠሩ ሴት ናቸው። ቅርጫቱን ልቀበላቸው ስል አልሰጡኝም። የተባባልነው በጉራጊኛ ነው፤ በአማርኛ ስጽፈው ስድቡ ትንሽ ይለሰልሳል።

"እትዬ፣ ስለ ፍጉ ልንገርዎት ነበር።"

"አንሶታል አይደል? ለሰዎቹ እኮ ነግሬያቸዋለሁ፣ እጃቸው ይያዛል።"

"በዝቶበታል።"

"ፍግ በዝቶበት የሞተ የት አየህ?"

"ዝግባ እንሰት አይደለም፣ እትዬ። እንሰት አንገቱ ቢቀበር ካንገቱ ሌላ ሥር ያበቅላል። ዝግባ ግን ቅርፊቱ ይታፈንና ይበሰብሳል። ይምጡና ይዩት።"

ቅርጫቱን አወረዱ። ጉድጓዱ ጋ ተንበረከኩ፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከተቱ፣ የረጠበውን ቅርፊት ይዘው ወጡ። በጣታቸው አሹት። ጓሯቸውን ዞሬ አየሁት፤ ያ ሰው የሚያደንቀው የበሩ ረድፍ ቅጠሉ ሳስቶ፣ ጫፉ ገርጥቶ ቆሟል።

"እንግዲህ የእንሰቴን ጉሮሮ ዘግቼ ለዚህኛው መርዝ ሳበላ ኖሬያለኋ!" አሉ በመጨረሻ።

ቅርፊቱን እንደያዙ ቀና ብለው ዛፉን አዩት።

"ታውቃለህ፣ ሰውዬዬ ሲሞት ክረምት ነበር። ድንኳን የምከራይበት አልነበረኝም። ያ ሁሉ ለቀስተኛ እዚህ ሥር ተቀምጦ አንድ ሰው አልበሰበሰም። ለዚያ ነው ባልጠየቀኝም የሰጠሁት።" ቅርፊቱን መሬት ላይ አስቀመጡት። "ገድዬዋለሁ?"

"አላውቅም።"

"አላውቅም? ቡታጅራ ይሄን ነው ያስተማሩህ? አላውቅም ማለትማ እኔም እችላለሁ፣ ሳልማር።" ተነሱ፣ ቀሚሳቸውን አራገፉ፣ ባዶውን ሜዳ እያዩ በዚያ ቀጭን ድምፃቸው ሰፈሩን ተጣሩ። "ቅርጫት ያለው ሁሉ ይምጣ! ሁሉም ያመጣውን ይዞ ይመለስ!"

የመስቀል ሳምንት ነው። ከአዲስ አበባ የገባው ሰው አዲስ ልብሱን ለብሶ፣ ቅቤና ሥጋ እያሰበ ጀፎሮው ላይ ሲንሸራሸር ቅርጫት ተሰጠው። ፍቃዱ ሾጣጣ ጫማና ኮት አድርጎ ነበር። "እማዬ፣ መስቀል ላይ ፍግ?" አላቸው። "ጫማህን አውልቅ፤ እግር ይታጠባል፣ ጫማ ነው የሚያሳዝነው" አሉት። አወለቀ፤ ኮቱን አጥር ላይ ሰቀለ። ሴቶቹ ከክምሩ የየራሳቸውን ለመለየት ተከራከሩ። "ያ ጥቁሩ የኔ ላም ነው፣ ያንቺ ገለባ ነው የበዛበት!" "እስቲ እይው፣ ላምሽ ምን በልታ ነው የምትኩራሪው?" አንዱ ከመርካቶ የመጣ ጎልማሳ አፍንጫውን በመሐረብ አስሮ ሲዝቅ ያዩ አሮጊት፣ "አንተ፣ በዚህ ፍግ ያደገ ቆጮ አይደል ያሳደገህ፣ ምኑ ሸተተህ?" ብለው አሳቁበት። ማምሻውን አንገቱ ወጣ። ታችኛው ቅርፊት ጠቁሮ፣ በምዕራብ በኩል ተበልቶ፣ በምሥራቅ በኩል ደህና ሆኖ። እኔ የበሰበሰውን በእንጨት ፋቅሁት፤ ብረት አይነካውማ።

ከበዓሉ በኋላ ሽማግሌዎቹ እዚያው ዛፉ ሥር ተቀመጡ። ፍቃዱ ተነሥቶ ሥርዓቱን በጠበቀ አነጋገር፣ እናቱ ከደረቀ ቅርንጫፍ ሥር እንደሚያድሩ፣ እሱ አዲስ አበባ ሆኖ ነፋስ በሰማ ቁጥር እንቅልፍ እንደሚያጣ ተናገረ። እውነቱን ነበር። እኔም ዕድሜዬ ባይፈቅድም ስለተጠየቅሁ ተናገርኩ፤ ደረቁ ቅርንጫፍ ብቻ በገመድ ተይዞ በመጋዝ ቢወርድ ዛፉም ቤቱም እንደሚተርፍ። ጋሽ ሳህሌ አንገታቸውን ነቀነቁ። "ዛሬ አንተ ለመልካም ትቆርጣለህ። በዓመቱ ሌላው ለመልካም ይቆርጣል፣ ለምሰሶ፣ ለበር፣ ለልጁ ሠርግ። መልካም ያልሆነ ምክንያት ይዞ መጥረቢያ ያነሳ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ይሄ ዛፍ እስካሁን የቆመው ማንም ምክንያት ስለማይጠየቅ ነው።" ሕጉ ያኔ ገባኝ። ደስ አላለኝም፣ ግን ገባኝ። እስከ መጪው መስቀል ይታይ፣ ዘነበች ነፋስ ባለበት ቀን ጎረቤት ትደር፣ ካላገገመ ከነሥሩ ይቆረጥ ተብሎ ተበተነ።

ያን ዓመት ቡታጅራ ሆኜ ሥራዬን ስሠራ ሐሳቤ እዚያ ነበር። በሰፈሩ ስልክ ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ ለመነጋገርም ጀፎሮው ጫፍ ያለው ጉብታ ላይ መውጣት ያስፈልጋል። እትዬ ዘነበች በወር አንዴ የሰው ስልክ ተውሰው ከጉብታው ይደውሉልኛል። ሰላምታ የለም። "ጠርጌዋለሁ። አንገቱ ደርቋል። ጉንዳን ወጥቶበታል፣ ጥሩ ነው መጥፎ?" "ጥሩም መጥፎም አይደለም እትዬ።" "እንግዲያ አንተ ለምንድነው የምትጠቅመው?" ይዘጋል። ሐጂ ሸምሱን ስጠይቃቸው፣ "ጠብቅ። ዛፍ ሲሞትም ሲድንም አይቸኩልም" አሉኝ። እኔ ዛሬም በወልቂጤ መንገድ ዳር ስሄድ የጃካራንዳና የግራቪሊያ አንገት በሲሚንቶ ታንቆ ሳይ እነዚያን የስልክ ንግግሮች አስታውሳለሁ። ዛፉን ለማሳመር ብለው ክብ መደብ ይሠሩለታል፣ ውስጡን በአፈር ይሞሉታል፣ ኖራ ይቀቡታል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ጫፉ ይሳሳል፤ ያኔ ውኃ ያበዙለታል። አንዳንዱን ባለቤት አስፈቅጄ አፈሩን አወጣዋለሁ። አንዳንዱ፣ "ያምራል እኮ፣ ተወው" ይለኛል።

በሚቀጥለው መስቀል ስገባ ዝግባው በሦስት ወገን አዲስ ቅጠል አውጥቷል፤ ከጫፍ ጫፉ ፈካ ያለ አረንጓዴ፣ ከአሮጌው ቅጠል በቀለም የሚለይ። ሰማይ አሁንም ይታይ ነበር፣ ከአምናው ግን ያነሰ። ዛፉ ይኖራል። ትልቁ ቅርንጫፍ ግን እንደ ደረቀ፣ እንደ ከበደ፣ ጣሪያው ላይ ተዘርግቶ ነው። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ዛፉ ስለዳነ ከነሥሩ የሚቆረጥበት ምክንያት የለም፤ ቅርንጫፉን ደግሞ ብረት አይነካውም። ፍቃዱ ፊቱ ቀልቶ ወደ እኔ ዞረ።

"ባለሙያው እዚህ አለ። በሰው ፊት ይናገር። ይወድቃል ወይስ አይወድቅም?"

ሁሉም አዩኝ። ቅርንጫፉን ቀና ብዬ ተመለከትኩት፤ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበት ላይ ስንጥቅ ነበር፣ ውኃ የሚገባበት።

"ይወድቃል" አልኩ። "ሁለት ክረምት የሚያልፍ አይመስለኝም።"

"ሰማችሁ!" አለ ፍቃዱ። "እናቴን እንቅበርና ዛፉን እንጠብቅ?"

ጉርምርምታ ሆነ። አንዳንዱ ይቆረጥ አለ፣ አንዳንዱ አይቆረጥም። በዚያ ዛፍ ሥር በሽምግልና ላይ ሰው እንዲህ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እትዬ ዘነበች ከሴቶቹ ጋር ከዳር ተቀምጠው እንጨት ሲልጡ ነበር። ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

"ዛፉ መሄድ አይችልም። ቤቴ ግን ይችላል።"

"ወዴት?" አሏቸው ጋሽ ሳህሌ።

"ወደ ኋላ። ወደ እንሰቱ።"

እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ከቤቱ ጀርባ ምን እንዳለ ያውቃል። የበሩ ረድፍ፣ ያ ለዛፉ ተብሎ የተራበው፣ ፍጉ ከተመለሰለት በኋላ ዓመቱን ሙሉ ተቀልቦ ገና ማገገም የጀመረው ረድፍ ነው። ቤት እዚያ ይተከል ማለት ያ ይነቀል ማለት ነው። ፍቃዱ፣ "እማዬ፣ እንሰትሽን?" አለ ድምፁ ወርዶ። "አንተን ያሳደገው ያ ነው፤ አንተ አድገሃል" አሉት።

ቤቱ የተነሣው ጥር ላይ፣ ምድሩ ሲደርቅ ነው። ሰፈሩ በደቦ ወጣ። እንሰት ከነበረበት ማንሳት ቀላል ነገር አይደለም፤ ሦስት ዓይነት ዕድል አለው። ገና ወጣት የሆነው ከነሥሩ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ይተከላል፣ ይጸድቃል። የደረሰው ይፋቃል፣ ቆጮ ይሆናል። የሚያሳዝነው መካከለኛው ነው፤ ለመንቀል ገዝፏል፣ ለመፋቅ አልደረሰም። የእትዬ ዘነበች የበር ረድፍ አብዛኛው መካከለኛ ነበር። ሴቶቹ ሲፍቁት እጃቸው ላይ የሚቀረው ጥቂት ነው። ምሰሶው ከአሮጌው ቤት ተነቅሎ በወንዶች ትከሻ ወደ አዲሱ ቦታ ተወሰደ። ፍቃዱ ቆርቆሮ አምጥቶ ነበር፤ እሳቸው ሳር ይሁን ብለው ተከራከሩ፣ በመጨረሻ ልጁ ደስ እንዲለው ቆርቆሮ ሆነ። ዝናብ ሲመጣ ሰው ማነጋገር አልቻልኩም እያሉ እስከ ዛሬ ይወቅሱታል።

ያ ሁሉ ከሆነ ብዙ ዓመት አልፏል። ሐጂ ሸምሱ አርፈዋል፤ ጋሽ ሳህሌም። እኔ የራሴን ችግኝ ቦታ ከፍቼ ሠላሳዎቹን አጋምሻለሁ። ከጀፎሮው ዳር የመብራት ምሰሶ ቆሟል፣ ጉብታው ላይ ወጥቶ የሚደውል የለም፤ ሣሩን አቋርጦ ሞተር ብስክሌት ያልፋል። ከተማ የገቡ ልጆች መሬታቸውን ባሕር ዛፍ አድርገውታልና ከአንዳንዱ ቤት ኋላ እንሰት ጠፍቷል። የእትዬ ዘነበች ጓሮ ግን ሙሉ ነው። ከአዲሱ ቤት ኋላ የተተከሉት ወጣቶቹ አድገው፣ ተፍቀው፣ ልጆቻቸው በቦታቸው ገብተዋል። አሮጌው ቤት በነበረበት ክብ ላይ ሣር ወጥቶ ከጀፎሮው ጋር ተቀላቅሏል።

ያ ቅርንጫፍ ግን አልወደቀም። ቅርፊቱ ሁሉ ረግፎ ነጭ ሆኗል፤ ስንጥቁ እጅ ያስገባል፤ ቁራ ያርፍበታል። በነፋስ ይንቋቋል። አሥር ጊዜ ይወድቃል ያልኩት ቅርንጫፍ፣ ለምን እንዳልወደቀ ዛሬም በቅጡ ማስረዳት አልችልም። የዝግባ ደረቅ እንጨት ጠንካራ ነው ብዬ ለራሴ እነግራለሁ፤ ይህን ያኔ ማወቅ ነበረብኝ። በየመስቀሉ ስገባ እትዬ ዘነበች ከአዲሱ ቤታቸው በር ላይ ሆነው ይጠብቁኛል። አሁን ዓይናቸው ደክሟል፣ እኔን በእርምጃዬ ነው የሚለዩኝ። ባለፈው መስቀልም ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ጠሩኝ።

"አንተ ልጅ! እስኪ እየው። ዘንድሮስ ይወድቃል?"

ቀና ብዬ አየሁ። "ዘንድሮ ይወድቃል፣ እትዬ።"

"አምናም እንዲህ ብለሃል። ካቻምናም። ያን የመሰለ እንሰቴን አስነቅለህ ቤቴን ጓሮ አስገባህ፣ አንድ ቅርንጫፍ መጣል አቃተህ!"

አጠገባችን የቆመው ፍቃዱ ሳቀ። እሱም ጸጉሩ ሸብቷል። "እማዬ፣ እንግዲህ በቃ፤ የአሁኖቹን ሽማግሌዎች ላናግራቸውና በመጋዝ ይውረድ። ብረት አይነካውም የሚሉት እነሱ ሞተዋል" አላቸው።

እትዬ ዘነበች ፊታቸውን ወደ ዛፉ አዙረው፣ የማያዩትን ቅርንጫፍ እንደሚያዩ ሁሉ ቆዩ።

"ተወው" አሉ። "ከወደቀ ይሄን ልጅ በምን እሰድበዋለሁ?"